ሰባቷ ሴኮንድ
በቀጥታ በሚተላለፍ ቴሌቪዥን ላይ ስለሚደረገው የማዘግያ ሥርዐት የቀረበ ሂስ

ከአበው ተረቶች አንዱ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላል። ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ተናጋሪው ሊመልሰው፥ ሰሚውም እንዳልሰማ ሊሆን አይችልም ማለት ነው። ይሁን እንጂ በሬዲዮና በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፈው ንግግርና ሥዕል ለዚህ ተረት እንዳይገዛ አንድ መሣሪያ ተበጅቶለታል። መሣሪያው ከካሜራውና ከማይክሮፎኑ የመጣውን ለጥቂት ሴኮንድ አቆይቶ ወደ ማሰራጫው ይለቃል። በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ ጸያፍ ቃል ወይም ሊታይ የማይገባው ሥዕል የመጣ እንደ ሆነ፥ በመቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጠው ሠራተኛ ቁልፍ ተጭኖ ያስቀረዋል። ተመልካቹ ግን በአፍና በአፋፍ መካከል በረኛ መቆሙን አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መሣሪያውን «ማዘግያ» እንለዋለን። የጽሑፉም ዓላማ በመጀመሪያ ማዘግያ እንዴት እንደሚተከልና እንደሚሠራ ማስረዳት፥ ቀጥሎም በታወቁ ጉዳዮች ላይ የሠራውንና ያልሠራውን መመዘን ነው። አስተያየታችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ማዘግያ ጊዜ ይሰጣል፥ ፍርድ ግን አይሰጥም። ስለዚህ «ስንት ሴኮንድ ይበቃል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ «ቁልፉ በማን እጅ ነው? በምን ደንብስ ይጫነዋል? ተመልካቹስ ያውቃል ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

በመጀመሪያው ዘመን ማዘግያ ማለት የቴፕ ርዝመት ማለት ነበር። ድምፁ በሚቀዳበት ቦታና ተመልሶ በሚሰማበት ቦታ መካከል የተዘረጋው ቴፕ የጊዜውን ልክ ይወስናል። ቴፑ በሴኮንድ 19 ሳንቲሜትር የሚሄድ ከሆነ፥ 7 ሴኮንድ ለማዘግየት 133 ሳንቲሜትር ቴፕ በሁለቱ ቦታዎች መካከል መኖር አለበት። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ውስጥ በአለንታውን ከተማ የነበረው ደብሊው ኬ ኤ ፒ የተባለው የሬዲዮ ጣቢያ፥ አድማጮች በስልክ ለሚሳተፉበት ፕሮግራም በ1952 ገደማ የቴፕ ማዘግያ ሥራ ላይ አዋለ። ይህንም ያበጀው የጣቢያው መሐንዲስ ፍራንክ ኮርዳሮ ነበር።

በቴሌቪዥን ረገድ ደግሞ የቪዲዮ ቴፕ በሥርጭት ላይ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ራሱ ማዘግየት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ሲ ቢ ኤስ የተባለው ኩባንያ ኅዳር መጨረሻ ላይ በ1956 ዳግላስ ኤድዋርድስ ከኒው ዮርክ ያቀረበውን የማታ ዜና በሎስ አንጀለስ በአምፔክስ መሣሪያ ቀድቶ ለምዕራቡ የአሜሪካ ጠረፍ ከ3 ሰዓት በኋላ አሳየው። ምክንያቱም በምሥራቁ ጠረፍ ሲመሽ በምዕራቡ ገና ቀን ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ማዘግየት ከፀሐይ አካሄድ የመጣ ስለ ሆነ ማንም አይሠወርበትም። የእኛ ጉዳይ ግን ሌላው ነው፤ ይኸውም «በቀጥታ» እየተባለ በሴኮንዶች የሚዘገየው ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቴፑን ቦታ የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ወሰደው። ድምፁና ሥዕሉ ወደ ቁጥር ተለውጦ በማኅደሩ ይቀመጣል፤ ከሰባት ሴኮንድ በኋላም በተራው ይነበባል። በየሴኮንዱ 25 ሥዕል በሚያሳየው ሥርዐት 7 ሴኮንድ ማለት 175 ሥዕል ማለት ነው። የተለመደው የስቱዲዮ ሥዕል በሴኮንድ 270 ሚሊዮን ቢት ስለሚፈስ፥ ሰባቱ ሴኮንድ ወደ 236 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ጥራቱ ከፍ ያለው ሥዕል በሴኮንድ 1,485 ሚሊዮን ቢት ስለ ሆነ ወደ 1,300 ሚሊዮን ባይት ይደርሳል። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚይዝ የማኅደር ጥበት ችግር ሆኖ ሊቆጠር አይችልም።

ችግሩ ያለው በአተካከሉ ነው። ማዘግያው ካሜራዎቹና ድምፆቹ ከሚቀላቀሉበት በኋላ፥ ከማሰራጫው ግን በፊት መቀመጥ አለበት። ድምፁና ሥዕሉ እኩል መዘግየት አለባቸው፤ አንዱ ከሌላው በጥቂት ሥዕሎች እንኳ የቀደመ እንደ ሆነ፥ ተመልካቹ የተናጋሪውን ከንፈርና ቃል ሲለያዩ ያያል። በሥዕሉ ላይ የሚታይ ሰዓት ካለ ከማዘግያው በኋላ ካልገባ በቀር በ7 ሴኮንድ ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል። አቅራቢውም በጆሮው የሚሰማው ከማዘግያው በፊት ካለው መስመር መሆን አለበት። ከሥርጭቱ የሰማ እንደ ሆነ የራሱ ቃል ከሰባት ሴኮንድ በኋላ እየተመለሰ ንግግሩን ያደናቅፈዋል። በስልክ የሚሳተፉትን አድማጮች አቅራቢዎች «ሬዲዮዎን ይቀንሱ» እያሉ የሚለምኗቸው አንድም የማይክሮፎን ጩኸት እንዳይመጣ፥ ሥርጭቱ የሚዘገይም ከሆነ ደዋዩ በራሱ ድምፅ እንዳይሰናከል ነው። እንዲሁም ማዘግያው በድንገት ቢበላሽ ፕሮግራሙ እንዳይቋረጥ መስመሩ ማዘግያውን አልፎ በቀጥታ እንዲሄድ የሚያደርግ መተላለፊያ ይበጃል። በዚያን ጊዜ ሥርጭቱ ይቀጥላል፤ ጥበቃው ግን የለም። ስለዚህ ይህ ሲሆን የሚያስታውቅ መብራት ከሠራተኛው ፊት ሊኖር ይገባል።

ክፉውን ነገር የማስወገጃው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በሬዲዮ የተለመደው፥ በማኅደሩ ያለውን ጥሎ ወደ አሁኑ ጊዜ መዝለል ነው። ቁልፉ ሲጫን የተጠራቀመው ሰባት ሴኮንድ ይጠፋል፤ አድማጩም ወደ ቀጥታው ይደርሳል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ማኅደሩ ባዶ ስለሚሆን ጥበቃው ተሟጠጠ ማለት ነው። መሣሪያው የንግግሩን ዕረፍቶች በጥቂቱ እያረዘመ እንደገና ይሞላዋል። የማርዘሙ መጠን ከመቶ 5 የሆነ እንደ ሆነ፥ 7 ሴኮንድ ለማጠራቀም 140 ሴኮንድ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ተሳዳቢው ቢደግመው ጣቢያው ከሙሉ ጥበቃው በታች ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው መንገድ በቴሌቪዥን የሚመረጠው ነው። ማዘግያው ሳይጠፋ፥ ክፉው ቦታ እስኪያልፍ ድምፁ ይዘጋል፤ ሥዕሉም በሌላ ሥዕል፥ ለምሳሌ ከሩቅ በተነሣ የአዳራሹ ገጽታ ይሸፈናል። በዚህ መንገድ ጥበቃው አይቋረጥም፤ ነገር ግን መሸፈኛው ሥዕል አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን አለበት። ድምፁን አንድ ሰው፥ ሥዕሉን ሌላ ሰው ቢጠብቅ ይሻላል።

2. ከታወቁት ጉዳዮች የምንማረው

ሀ. ያልታሰበውን አይጠብቅም። በየካቲት ወር 2004 በሂዩስተን በተደረገው ትልቅ የአሜሪካ የእግር ኳስ ግጥሚያ ዕረፍት ላይ ጃኔት ጃክሰንና ጀስቲን ቲምበርሌክ ሲዘፍኑ፥ የዘፋኟ ጡት ለአንድ ሴኮንድ ዐሥራ ስድስተኛ ዘጠኝ እጅ ያህል ተገልጦ ታየ። ፕሮግራሙን ያሰራጨው ሲ ቢ ኤስ ጸያፍ ቃል እንዳያመልጥ ለድምፅ የ5 ሴኮንድ ማዘግያ አዘጋጅቶ ነበር። ለሥዕሉ ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ አልተደረገለትም። ፈተናው በጆሮ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ በዐይን መጣ። የአሜሪካ የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በኩባንያው ላይ 550,000 ዶላር መቀጮ ጣለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2008፥ እንደገናም በ2011 መቀጮውን ሻረው። ይህ ሁሉ ዓመታት የወሰደ ክርክር የተነሣው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ሥዕል ነው።

ከዚያ የተከተለው ነገር ከጉዳዩ ይልቅ ያስተምራል። በዚያው ወር ሲ ቢ ኤስ የግራሚን የሙዚቃ ሽልማት በ5 ደቂቃ አዘግይቶ አሳየ፤ ኤ ቢ ሲ ደግሞ የኦስካርን የፊልም ሽልማት በ5 ሴኮንድ አዘገየ። ሥራው አንድ ዓይነት ሲሆን ከ5 ሴኮንድ እስከ 5 ደቂቃ መለያየቱ፥ የመዘግየቱ ልክ የተወሰነው በፍርሃቱ መጠን እንጂ በሥራው ባሕርይ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ለ. እጅ ሲዘገይ ማዘግያ አያድንም። በሚያዝያ ወር 1998 በሎስ አንጀለስ አንድ ሰው በአውራ ጎዳና ላይ ራሱን ሲገድል በሄሊኮፕተር ካሜራ በቀጥታ ታየ። ከጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ሥርጭቱን ያስገቡት የሕፃናት ፕሮግራም አቋርጠው ነበር። ከዚህ በኋላ ብዙዎች ማዘግያ ቢኖር ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር አሉ። ነገር ግን በመስከረም ወር 2012 ፎክስ ኒውስ በአሪዞና የተደረገውን የመኪና ማሳደድ ሲያሳይ ማዘግያው ነበረ፤ ሥዕሉም በ5 ሴኮንድ ዘግይቶ ነበር። ተሳዳጁ ከመኪናው ወርዶ ራሱን ሲገድል አቅራቢው ሼፐርድ ስሚዝ አጥፉት እያለ ጮኸ፤ ሥዕሉ ግን አለፈ። አቅራቢው ወዲያው ተመልካቹን ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያውም ስሕተቱ የሰው ስሕተት መሆኑን አስታወቀ።

ይህን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንመርምረው። አምስት ሴኮንድ አለ ሲባል ለማሰብ አምስት ሴኮንድ አለ ማለት አይደለም። ሠራተኛው መጀመሪያ ማየት አለበት፤ ቀጥሎ ያየው ምን እንደ ሆነ መረዳት አለበት፤ ከዚያም ይቆረጥ ወይስ ይለፍ ብሎ መወሰን፥ በመጨረሻም መጫን አለበት። ውሳኔው በሌላ ሰው ፈቃድ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ጠይቆ መልስ መስማት ይጨመርበታል። ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ድረስ አምስቱ ሴኮንድ ያልቃል። ስለዚህ ሥልጣን የሌለው ሰው በቁልፉ ፊት ቢቀመጥ ማዘግያው እንደሌለ ይቆጠራል።

ሐ. የሚሰወረው ከሁሉ ሰው አይደለም። በመጋቢት ወር 2022 በኦስካር ሽልማት ላይ ዊል ስሚዝ ክሪስ ሮክን በጥፊ ሲመታና ሲሳደብ፥ የአሜሪካ ተመልካች ድምፁ ተዘግቶበት የተፈጠረውን ነገር ለመረዳት ተቸገረ። በጃፓንና በአውስትራሊያ ግን ቃሉ ሳይዘጋ ተሰማ፤ ወዲያውም ወደ አሜሪካ ተመልሶ በያለበት ታየ። አንድ አገር የዘጋውን ሌላው አገር ከከፈተው፥ ማዘግያው ቃሉን ከዓለም አላጠፋም፤ የጣቢያውን ኀላፊነት ብቻ ጠበቀ። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ሕፃን ልጅ በቤቱ ሳይዘጋጅ እንዳይሰማው ይረዳልና። ነገር ግን ሊታመን የሚገባው ይህን ያህል ብቻ ነው።

መ. የመቁረጫው እጅ መታየትና አለመታየት። በጥር ወር 2009 የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በቃለ መሐላ ቀን ያደረጉትን ንግግር እያስተረጐመ በቀጥታ ሲያሳይ፥ ኮሙኒዝም የሚል ቃል በተነሣ ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለ፤ ሥዕሉም ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። አቅራቢዋ ሳትዘጋጅ ወደ ሌላ ጥያቄ ገባች። ቃሉ ከተሰማ በኋላ ስለ ተቆረጠ፥ የቆረጠውን እጅ ተመልካቹ ሁሉ አየው። በቂ ማዘግያ ቢኖር ኖሮ ቃሉም ባልተሰማ፥ እጁም ባልታየ ነበር። ማዘግያ ከስድብ ሲጠብቅ የሚያሳየው ብልሃት ከእውነት ሲሰውርም ያው ነው፤ መሣሪያው ሁለቱን አይለይም።

3. በሁለቱ ወገኖች አስተያየት ላይ

ስለ ማዘግያ ሁለት ዓይነት ክርክር ይሰማል። የመጀመሪያው ወገን ማዘግያ የጥንቃቄ መሣሪያ ስለ ሆነ ምንም ጥያቄ አያስነሣም ይላል። ለዚህ መልሱ ከላይ በ2009 የቻይናው ጉዳይ ላይ ተነግሯል። ጥንቃቄና ምርመራ በአንድ ቁልፍ የሚሠሩ ከሆነ፥ ቁልፉን የሚገዛው ደንብ ካልታወቀ በቀር አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ማዘግያ ሁሉ የንግግርን ነጻነት የሚነካ ስለ ሆነ ከነጭራሹ መቅረት አለበት ይላል። ይህም ቢሆን ሚዛን የጎደለው ነው። ማዘግያ ባይኖር ጣቢያው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል፤ ወይ የመጣውን ሁሉ ማሳለፍ፥ ወይም በቀጥታ ማስተላለፉን ጨርሶ መተው ነው። ፈሪ ጣቢያ ሁለተኛውን ይመርጣል። በ2009 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታየው የፎክስ ጉዳይ፥ ከብዙኃኑ የተለዩት ዳኛ ስቲቨን ብሬየር ትናንሽ የአካባቢ ጣቢያዎች የማዘግያውን ወጪ ሊችሉት እንደማይችሉ፥ ቅጣት ፈርተውም የአካባቢያቸውን ጉዳይ በቀጥታ ማሳየት ሊቀንሱ እንደሚችሉ አመልክተው ነበር። እንግዲህ ማዘግያ ያለው ጣቢያ ደፍሮ ማይክሮፎኑን ለሕዝብ መስጠት ይችላል። የአለንታውኑም ጣቢያ የስልክ ፕሮግራም ከማዘግያው ጋር አብሮ መነሣቱ ይህንኑ ያስረዳል። ማዘግያ የሕዝብን ድምፅ የሚያፍን ሊሆን ይችላል፤ የሕዝብን ድምፅ ወደ ስቱዲዮ የሚያስገባም ሊሆን ይችላል።

እንግሊዞች በዚህ ረገድ የወሰዱት መንገድ የተሻለ ይመስለናል። በ2004 በቤስላን ትምህርት ቤት ከደረሰው እልቂት በኋላ ቢ ቢ ሲ በ2005 ባወጣው የአሠራር መመሪያ፥ እንዲህ ያሉ አስጊና አሳዛኝ ዜናዎች በቀጥታ ሲተላለፉ ማዘግያ እንዲኖር ደነገገ፤ ይህንም ለሕዝብ አስታወቀ። ማዘግያው ለምን ዓይነት ዜና እንደሚውል ሕዝቡ አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ፥ ከዚያ ወሰን ውጪ የዋለ እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል።

4. በእኛ ቋንቋ የሚገጥመው ችግር

ቴሌቪዥን በአገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ በቀጥታ የሚተላለፈው ነገር እየበዛ ሄዷል። ከዚህ ኮሌጅ ተመርቀው በማሰራጫ ጣቢያዎች የሚቀጠሩም አሉ፤ ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ በዚያ ቁልፍ ፊት ይቀመጥ ይሆናል። ስለዚህ የውጭውን አሠራር እንዳለ ብንቀዳው የሚጎድለንን ማመልከት ይገባናል።

በእንግሊዝኛ የሚሠራበት ደንብ በአመዛኙ የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር ነው። ሠራተኛው ቃሉን ሲሰማ ይጫናል፤ ሰባት ሴኮንድም ይበቃዋል። በአማርኛ ግን ስድብ ብዙ ጊዜ በስድብ ቃል አይነገርም። ሰሙ ምርቃት፥ ወርቁ እርግማን ሊሆን ይችላል። በግጥም ወይም በቀረርቶ መካከል የተጣለ ኅብረ ቃል ሲነገር አዳራሹ ሁሉ ስቆ ወይም ተቆጥቶ ካበቃ በኋላ እንኳ የቁልፉ ጠባቂ ሰሙን ይዞ ሊቀር ይችላል። በዚህ ላይ ሰባት ሴኮንድ ቀርቶ ሰባት ደቂቃም ላይበቃ ይችላል። እንደዚሁም ጠባቂው የተናጋሪውን ቋንቋ ካላወቀ ማዘግያው ባዶ ዕቃ ነው። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰማ ጠባቂ ባልገባው ቋንቋ የተነገረውን ሁሉ ወይ ያሳልፋል፥ ወይም ከፍርሃት የተነሣ ሁሉን ይዘጋል። የመጀመሪያው አደጋ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በደል ነው።

5. እንዴት ሊሠራበት ይገባል?

ከላይ ከተነገረው በመነሣት አምስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ምን እንደሚቆረጥና ምን እንደማይቆረጥ ከፕሮግራሙ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። በተለይም የማይቆረጠው ይጻፍ፤ ሹምን መተቸት፥ የጣቢያውን ስም ማንሣት፥ አቅራቢውን ማሳፈር ለመቁረጥ ምክንያት እንዳይሆኑ ነው።

ሁለተኛ፥ ቁልፉ ለአንድ በስም ለታወቀ ሰው ይሰጥ፤ እርሱም ማንንም ሳይጠይቅ የመጫን ሥልጣን ይኑረው። ያንን ጊዜ ሌላ ሥራ አይታዘዝ፤ የተናጋሪዎቹንም ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን።

ሦስተኛ፥ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ልምምድ ያድርግ። ያልተለማመደ እጅ በአምስት ሴኮንድ ምን እንደሚሆን በ2012 ታይቷል። ጥበቃውም ድምፁንና ሥዕሉን አብሮ የሚይዝ ይሁን።

አራተኛ፥ ተመልካቹ ፕሮግራሙ ዘግይቶ የሚተላለፍ መሆኑን በግልጽ ይነገረው። «በቀጥታ» የሚለው ቃል ጣቢያው ለተመልካቹ የሚገባው ቃል ኪዳን ነው። ሰባት ሴኮንድ ቃል ኪዳኑን አያፈርሰውም፤ መሸሸጉ ግን ያፈርሰዋል።

አምስተኛ፥ የተቆረጠው ሁሉ ሰዓቱ፥ ምክንያቱና የቆረጠው ሰው ስም በመዝገብ ይጻፍ፤ ያልተቆረጠውም ቅጂ ይቀመጥ። የተቆረጠበት ሰው ቅሬታ ቢያቀርብ የሚመረመርበት ማስረጃ ይሆናል። መዝገብ መኖሩን የሚያውቅ እጅም ሳያስብ አይጫንም።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ለሰባት ሴኮንድ ምን ያደርጋል ይሉ ይሆናል። ነገር ግን በእነዚያ ሴኮንዶች አንድ ሰው ሌላው የተናገረውን ሺዎች ይስሙት ወይስ አይስሙት ብሎ ይፈርዳል። ለፍርድ ቤት ዳኛ ሕግ፥ መዝገብና ይግባኝ አለው፤ የቁልፉ ዳኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱም የለውም። መሣሪያው ዛሬ ረክሷል፥ ቀላልም ሆኗል፤ በማንኛውም ትንሽ ጣቢያ ሊተከል ይችላል። ደንቡ ግን በገበያ የሚሸጥ አይደለምና፥ ማዘግያ የሚተክል ጣቢያ ሁሉ ከመሣሪያው አስቀድሞ ደንቡን ያዘጋጅ እንላለን።